ሲሳል

ስሙን ለቃጫ ያዋሰ፣ አሸዋ የዋጠው ወደብ ነው፣
ዩካታን ዳር፣ ሜክሲኮ። እነሱ «ሲሳል» ሲሉት
ጆሮዬ አማርኛውን አልተው አለ፤
ቢላ ሲሳል ሰማሁ።

ዶን ኤሌውተርዮ ኡክ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤
ሁለት የቀርከሃ ዘንግ፣ ከዘንጉ ሲባጎ፣
ከሲባጎው ጫፍ የታሰረ ሸርጣን።
መንጠቆ የለውም።
ኦክቶፐሷ ምሳዬ ብላ ታቅፈዋለች፣
ሲጎትታትም አትለቅም፤
መንጠቆዋ የገዛ እቅፏ ነው።

ልጁ ሊግያ ከወደቡ ጀርባ፣ ከቤተ ሙከራው፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና ማይክሮስኮፕ ላይ ታድራለች።
ከወንዱ የቀዳችው ጠብታ እዚህ፣
ከሴቷ ጓዳ የቀዳችው እዚያ።

የወንዱ ዘር እንደ ሚዜ ለብሷል፣ ተከናንቧል፤
አናቱ ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ስለት፣
ስለቱም በአፎቱ።
ይዋኛል፣ ያምራል፣ አይቆርጥም።
እንቁላሏ ፊቱ ብትቆም እንኳ አያውቃት፤
ተወልዷል እንጂ ለአቅመ አዳም አልደረሰም።

ወንዱማ ክንዱን ዘርግቶ ነበር፣ ከሩቁ፣
(ቢጠጋ ትበላዋለች፤ ያውቀዋል)
ከስምንቱ አንዱን፣ ለዚህ የተለየውን፤
ጥቅሉን አሾልኮ ሰጥቷት
ቀለሙ እየገረጣ ሄደ።
የቀረው ሥራ የእሷ ነው።

ጓዳ አላት፣ ከእንቁላሉ መውረጃ አጠገብ፣
የሦስት ወንድ፣ የአራት ወንድ ዘር
ሳይጣላ የሚያድርባት።
ራሳቸውን ከግድግዳው ሰክተው
ጅራታቸውን ወደ ውጭ ትተው
ሳምንት ይቆያሉ፣ ወር ይቆያሉ።
ምን ትነግራቸው ይሆን? ምን ታጎርሳቸው?
ሊግያ አታውቅም። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤
ከጓዳ የወጣው ዘር ካባ የለውም።
ሽፋኑ ተገፏል፣ አፎቱ ወልቋል፣
ብሎኑ ራቁቱን ነው።
መሳል የሞረድ ነው እንጂ የቢላ አይደለም።

ግን መቼ? በየትኛዋ ቅጽበት?
ይህን ፍለጋ ሦስት ዓመት ጨረሰች።

በጥቅምት አንድ ሌሊት
የሰሜኑ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ከእንቁላሉ የሚወጣውን ሆርሞን፣ ከጠብታም ያነሰ፣
ከመስታወቱ ዳር ጣል አደረገች።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ጅራቶቹ ዞሩ፣
ገበያ መሀል ስሙ እንደተጠራ ሰው።
አንዱ ቆመ። ተንቀጠቀጠ።
ካባው ከአናቱ ተሰነጠቀ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣
ስለቱ
መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ካሜራው የያዘው የለም።
ሊግያ በማያ ቋንቋ ተሳደበች፣ በአባቷ አፍ፣
እንደ ባሕር ሰው፣ ረጅም ስድብ።
ከዚያ በስልኳ ብርሃን እርሳስ አንስታ
ከዓይኗ ሳይጠፋ ሳለችው።
መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከሥሩ «አየሁት» ይላል።
የትኛውም መጽሔት አይቀበለውም።

ነፋሱ በበረደ በሦስተኛው ቀን
አባቷ ባዶ ቅርጫት ይዞ ገባ፤
አንድ ሸርጣን ብቻ፣ የሰባ፣ ገና ከነሲባጎው።
ወረቀቱን አየ፣ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ፣
«የበር ብሎን ነው?» አለ።
ነገረችው።
ዝም ብሎ ቆየና
«አንዷን አውቃታለሁ፣» አለ፣ «ከድንጋዩ ሥር ያለችውን።
ይህን ሸርጣን አፏ ሥር አወረድኩላት፤
ክንዷን እንኳ አላነሳች።
እንቁላል የታቀፈች አትነክስም።
ሃምሳ ቀን አትበላም፣ ልጆቿ ሲፈለፈሉ ትሞታለች።
ዘንጌን ሰበሰብኩ፤ ምን ልበላት?»

ጆሮዬ እንደገና አማርኛውን ሰማ፤
ስለት፣ የሚቆርጠው፤
ስለት፣ የሚከፈለው።

ሊግያ ሥዕሉን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች።
ሸርጣኑን ለምሳ ቀቀሉት።