ቀረ

ለሰባት ደቂቃ ነበር የቀጠሩኝ፣
«ፊልሙ ሲሠራ ቅረጪ» ብለው ጀልባ ያሳፈሩኝ
ወደ ቺሎዌ ደሴት፣ ዝናብ ወደማያባራበት፣
ባሕር ከእንጨት ቤቶች ሥር ገብቶ ወደሚወጣበት።
አንዲት ካሜራ፣ አንድ ጥንድ የጎማ ቦት፣
ደመወዝ በየሳምንቱ፣ እስከ ሦስተኛው ሳምንት።

ዳይሬክተሩ ኮርኔሊስ፣ ከጌንት የመጣ፣
ለዚህ አንድ ታሪክ ዐሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ ያጣ፣
ገደሉ አፋፍ ላይ የመብራት ማማ አሠራ፤
ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ከላዩ የቆርቆሮ ጣራ፣
ከፊት ሲያዩት የድንጋይ ካብ፣ ከኋላው ወጋግራ።
የመንደሩንም ሰው ጠራ፦
«ጢማችሁን እንዳትላጩ» አለ ለወንዶቹ፤
ጥቁር ቀሚስ አደለ ለሴቶቹ፤
«መርከብ የሰጠመባችሁ ለቀስተኞች ናችሁ፤
ሳላዝዝ እንዳይወርድ አንድ ዘለላ እንባችሁ።»

ከዚያ ሆነ የሆነው።
የመሪው ተዋናይ ጉልበት አለሎ ላይ ዞረ፤
ሄሊኮፕተር ወሰደው፣ ጫማው እዚያው ቀረ።
ከፑኤርቶ ሞንት የምትመጣው መርከብ
ዛሬ ነገ ስትባል ቀረች።
የገንዘቡ ሰውዬ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤
ገንዘቡም ቀረ።
ዝናቡ ብቻ፣ አንድም ቀን ሳይቀር፣
በሰዓቱ ይገኝ ነበረ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ነን።
ከሸራው የሚወርደው ጠብታ
ሾርባው ውስጥ ጠብ ይላል፣
ኮርኔሊስም ማንኪያውን እንደያዘ ያየዋል።
«ኢሳውራ፣ አጥፊው» አለኝ። «እባክሽ፣ ይብቃ።»
እሺ አልኩት።
ቀዩን መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት፣
ካሜራውን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛሁት።
ዐይኑ ግን አልተኛም።
ዐሥራ አራት ደቂቃ አለቀሰ ሰውየው፣
ማንም ሳያዝዘው።

የሱ ቀረጻ ቀረ።
የኔ፣ ቀረ።

ሰባቷ ደቂቃ አድጋ ሰማንያ ስድስት ሆነች፣
በማላውቃቸው ከተሞች በጨለማ ታየች።
ያቺ ድንኳን ስትመጣ አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል፤
መብራት ሲበራ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል።
«ፈቅዶልሽ ነው?» ያለኝ የለም፤
እኔም ለማንም አልተናገርኩም።
ከኮርኔሊስ አንድ ፖስትካርድ መጣልኝ፣
«ብርሃኑ ጥሩ ነው» የሚል። ሌላ ቃል አልጻፈልኝ።

በዘጠነኛው ዓመት ፊልሙን ይዤ ተመለስኩ።
በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጠርኩ፤
ሰዉ እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ገባ፣
ሌላው አገር ባነባበት ይኼኛው ሳቅ በሳቅ ሆነ፦
«ያ የኔ በግ ነው!» «ያቺ እኮ ኦርፌሊና ናት፣ ነፍሷን ይማር፣
እዩአት፣ ድንች ስትሰርቅ ከምግብ ቤቱ ድንኳን!»
ኤሌውቴሪዮ ጢሙ ደረቱን አልፏል፣
ሽበቱ ውስጥ የትምባሆ ፍርፋሪ ይታያል፤
«ላጭ ያለኝ የለም እኮ» አለ።
ሩዴሲንዳ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤
«ሦስት ጊዜ ቀብር ወጥቼበታለሁ፣
የባሕር ሬሳ፣ የእውነት» አለችኝ፤
«እንባውን ማንም አላዘዘኝ። መቼ ነው የሚቀጥለው?»
ምን ልበላት?

ሲመሽ ኤሌውቴሪዮን ተከትዬ ወደ ገደሉ ወጣሁ።
ማማው ቆሟል። ከፊት ቀለሙ ረግፎ እንጨቱ ፈጧል፤
ከኋላ ግን ወጋግራው አዲስ ነው፣
አንድ ሰው በየዓመቱ ይለውጠዋል።
ከአናቱ ፋኖስ ተንጠልጥሏል።
በየትኛውም ካርታ ላይ የለም ይህ ብርሃን፤
ጭጋግ ሲወርድ ግን ዓሣ አጥማጁ
በሱ ነው ቤቱን የሚያገኘው።

ካሜራዬን ከቦርሳ ሳወጣ
መዳፉን ሌንሱ ላይ አሳረፈ፣ ሳይቆጣ፤
«እሱን ተዪው፣ ይችን ያዥልኝ» ብሎ
የላምባውን ጀሪካን አስያዘኝ።
ነፋስ ነበር።
ክብሪቱ በአራተኛው ያዘ።