ሁለተኛው ሸክላ

ቆርኪ እለቅማለሁ በዚህ በዕድሜዬ፣
ሠርገኛው ሲበተን፣ ከሐይቁ ዳር ሣር ላይ ጎንበስ ቀና ብዬ።
ላስቲኩን በጥፍሬ ፈልቅቄ ሳነበው፣
«እንደገና ይሞክሩ» ነው ከሥሩ ያለው።
ትሑት ሰው ነኝ እኔ፤ እሞክራለሁ።

ሎተሪ አያልፈኝም፣ የሬዲዮ ጥያቄ አያመልጠኝም፤
«ሀ ብለው ይላኩ» ከተባለ፣ የቤት ኪራዩ ካርድ ሆኖ ያልቃል እንጂ እኔ አልሰስትም።
እስከ ዛሬ ድረስ የደረሰኝ ዕጣ፦ አንድ ዣንጥላ፣
የፕላስቲክ ባልዲ፣ ክዳኑ የላላ፣
ሁለት ካናቴራ፣ ደረቱ ላይ የባንክ ስም ያለበት፣
(አንዱን ውባንቺ ወለል ወለወለችበት)።

«ምን አጥተህ ነው?» ትለኛለች።
ያጣሁት ግማሽ ነው።

ፖሊ የሚያስተምር አንድ ሩሲያዊ ነበር፣ ድሮ በደርግ ዘመን፤
ሲሄድ ለጋሽ ይርሳው፣ ለዘበኛው ተወ የሸክላ ሣጥኑን።
ጋሽ ይርሳው አንድ ማታ ሰማውና ፈራና፣
«ይሄ ወፍጮ እንጂ ዘፈን አይደለም» ብሎ አሸከመኝና
እሱ ተገላገለ።
እኔ ታመምኩ።

ከሁሉ አንዱ ነው ያሳመመኝ። ሽፋኑ ላይ ባሕር፣
ከባሕሩ መሐል ግድግዳ የሌለው የተከፈተ በር።
አንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ፤
ጊታሩ ይለምናል፣ ኦርጋኑ ይቆጣል እንደ ክፉ አለቃ፤
ከበሮው ሰባት ይቆጥርና፣ ስምንተኛዋን ምት፣ ሰው የሚረግጥባትን፣ ሰርቆ ያስቀራታል፤
እግሬም ደረጃ እንደጠፋው ሰካራም አየር ላይ ይቀራል።

ግን ከመሐል ይጀምራል። «ክፍል አራት» ይላል።
ሦስቱስ? አንደኛው ሸክላ በማን ቤት ይውላል?

ስሙን በሩሲያ ፊደል ገልብጬ ለመርካቶ ሹፌሮች ሰጠሁ።
አንዱ መዝሙር አመጣ። አንዱ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ፤
እሱንም ከፍዬ ወሰድኩ፣ እንዳይቀየመኝ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።

በነሐሴ፣ ሐይቁ ጭቃ ለብሶ፣
የእንድሪስን ሬዲዮ ጠግኜ ላደርስ ደንገል ከሚያስሩበት ሰፈር ወረድኩ፤
«ውኃ ጠማኝ» አልኩ።
እንስራው አፍ ላይ፣ ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ ብስ፣
በብሱ ሽቦ አሾልከው እጀታ አበጅተውለት።

በእጅጌዬ ጠረግኩት። ፊደሉን አየሁት።
ጣሳው ከእጄ ወደቀ።

«እናቴ ናት» አለ እንድሪስ፣ «ለዚያ ነጭ ሰውዬ በዱቤ ስትሸጥ ኖራ፣
የቆሮሶ ዕዳው ተቆልሎ ቢያቅተው፣ ይህን ሰጥቷት ገባ ወዳገሩ።»
«ስንት ትለዋለህ?»
«ለክዳን?» ሳቀ። «ክዳን አምጣ፣ ክዳን ውሰድ።»

በባጃጅ ሄድኩ፣ በባጃጅ መጣሁ፣ ባልዲዬን አቅፌ።
ለራሱ ባልዲ የላላው ክዳን
እንስራው አፍ ላይ ልክክ አለ።
ዘሀራ፣ የእንድሪስ ሚስት፣ አጨበጨበች።

ማታ ሸክላውን አጠብኩ፣ በተረፈው ካናቴራ አደረቅኩ፣
መርፌዋን ቀስ ብዬ አሳረፍኩ።
ሠላሳ ዓመት የእንስራ ትንፋሽ የጠጣ ነገር፣ እንደ ቂጣ ተንጋዷል፤
መጀመሪያ የተሰማው ዝናብ ነው፣
ቆይቶ፣ ከዝናቡ ሥር፣ አንድ ሰው ዋሽንት ሲነፋ፣
ከዚያ መርፌዋ ዘለለች፣ ተመለሰች፣
ዘለለች፣ ተመለሰች።
አነሣኋት። አሳረፍኳት።
አነሣኋት።

«ይሄን ወፍጮ አታጠፋውም?» አለች ውባንቺ ከጓዳ።
ዝም አልኩ።
ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ሲወርድ ቆጠርኩት፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣
አንድ፣ ሁለት፣

አልነገርኳትም።