የአይጧ ጎማ

ሽቦው ከፀጉር ቀጥኖ፣ ከጭንቅላቷ ተነሥቶ፣
ከሣጥኑ ይገባል፣ ከማጉያው ድምፅ ሆኖ ሊወጣ ሽቶ፤
አንድ ሴል ብቻ ይሰማል፣ ከስንት ሺህ መካከል፣
እንደ ሐምሌ ቆርቆሮ ጠጠጠ ሲል።

ገና አልወጋናትም። ዘጠኝ ቁጥር ጎማዋ ላይ ቆማለች፤
ፊት እግሯን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።
መሮጥ ትፈልጋለች። ሴሉ ግን እንደ ኬላ ጠባቂ
ገመዱን ወጥሮ «ቁሚ!» ባይ፣ «ወዴት?» ብሎ ጠያቂ።

ጎማውን የሠራልኝ አባቴ ነው፣
ከልጅ ብስክሌት ቸርኬ ቆርጦ፣
ኩሽኔታውን በቤንዚን አጥቦ፣
«ደግሞ ለአይጥ ጎማ!» እያለ፣ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ።
ያኔ ጣቱ ገና አልከዳውም፤
ራጂ ሲወጥር ባሕር ዳር የሚያውቀው
አንሙት ነበር፣
ጆሮውን ሰጥቶ፣ እንደ ክራር ቃኝቶ የሚያጠብቀው።

አሁን ጠዋት ክኒኑን ውጦ ሰዓት ይቆጥራል፤
ከክኒን እስከ ክኒን ባለው ክፍተት ደፉ ላይ ይቀራል፤
አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ፤
እናቴ እንዳላየች ሆና አጠገቡ ቁጭ።

ይታይሽ ትጽፋለች፦ ክብደት፣ ሰዓት፣ ሚሊግራም በኪሎ።
መርፌው ገባ። ሦስተኛ ደቂቃ። አምስተኛ። ጩኸቱ ረገበ ዝሎ።
በስምንተኛው ጠብ፣ ጠብ ብቻ፤ ገመዱ የወደቀ መሰለኝ፤
ዘጠኝ ቁጥር ሮጠች። የጎማዋ ነፋስ ፊቴን ነካኝ።

ይኸ ልክ አለው። ይሣላል፣ መስመሩ ሲወርድ ይታያል።

ግን ባለፈው እሑድ፣ ክኒኑን ረስቶ ደፉ ላይ የቀረ ሰው፣
ብስክሌቱን ደግፌ ኮርቻው ላይ ሳስቀምጠው፣
በጣና ዳር፣ በዘንባባው ሥር፣ እንደ ጎረምሳ ሸመጠጠው!
ከኋላው ሮጥኩ። ያለ መጠን፣ ያለ መርፌ
ማን ከፈተለት ኬላውን? ልጠራው ብል ስሙ ጠፋ ከአፌ።
እሱን ሽቦ አልነካውም፤
እኔ ያለኝ የአይጥ መዝገብ ነው።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።
ማጉያው ዝም አለ። መስመሩ ከመሐል ተቀደደ።
ጄኔሬተር የሚያስነሣው ሰው ቁልፉን ይዞ ወጥቷል፤
በጨለማው ኩሽኔታው ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ሽር ይላል።

ይታይሽ ስልኳን አብርታ፣ በእርሳስ፣ ከሠንጠረዡ ውጭ፣
«መብራት የለም» ብላ ጻፈች።
ትንሽ ቆየች።
ከሥሩ፦ «ጎማው ይዞራል።»