የሻጩ ዘይት

ከአባይ ድልድይ ወዲያ፣ ከጎሚስታው አጥር፣
አቆምኳት አይሱዙን፣ ገና ሳይሞላት ወር።
የስምንት ዓመት እቁብ፣ የጆሮዬ ወርቅ፣
የወንድሜም ብድር፣ ከነጭቅጭቁ ድርቅ፣
ተጠቅልሎ ገብቷል በዚች ነጭ ጋቢና፤
ሊብሬዋ በስሜ ነው፤ ሌላውን እንጃ ገና።

ሻጯ የወረታ ሰው ነው፣ ምላሱ ቅቤ፤
«ሞተሯን ስሚያት» አለኝ፤ ሰማሁ ቀርቤ።
እውነትም ዝም ያለች፣ ጭምት፣ ደርባባ፣
ኮሽታ የማይወጣት ዳገት ስትገባ።

መካኒኩ ሻረው ግን ሞተሯን አልሰማም፤
መለኪያውን መዞ፣ በጣቱ አሻሸና፣ ዝም።
አውራ ጣቱን ከሌባው ቀስ አድርጎ ሲያላቅቅ
ክር አወጣ ዘይቱ፣ ሙጫ ይመስል ጥብቅ።
«እቴ፣ ስንት ቀን ነዳሻት?»
«አስራ ስምንት።»
«ዝምታ ነዋ የሸጠልሽ! በሊትር፣ በጭነት።»

ረዳቱ ቢያድጌ ካርቶን አነጠፈ፣
በጀርባው ተንሸራቶ ከሆዷ ሥር አረፈ።
ታፖው ሲፈታ
ይፈሳል ብዬ ጠበቅሁ፤
አልፈሰሰም።
ወረደ እንጂ፣ ዝግ ብሎ፣
እንደ ሽማግሌ ከበቅሎ።

«ወፍራም ዘይት» አለ ሻረው፣ እጁን በናፍጣ እያጠበ፣
«የሳሳ ሞተር አፍ ይይዛል፣ ኳኳታውን እየሰበሰበ።
ጧት ግን፣ የሐይቁ ብርድ ሳይለቅ፣ ላይ ድረስ አይወጣም፤
ብረት ብረትን ይበላል፣
አንቺ አትሰሚም።»

ሄድኩ ከሱቁ። ጋሎን በጋሎን ላይ፣
ቀይ፣ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ የቱ ከየቱ እንደሚለይ!
«ይሄን» አለኝ ልጁ፣ «የቪ ኤይት ጌቶች የሚገዙት፣ ቀጭን እንደ ውሃ፤
ዋጋው ብቻ ትንሽ...» ያቺን «ትንሽ» ስሰማ ጉሮሮዬ በረሃ።
ባለባጃጁ ዘሎ ገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦
«ሃምሳ ቁጥር ውሰጂ! አሮጊት በምን ትቆማለች? በምርኩዝ ነው።»

ሻረው ሳቀ።
«አንዱ ለኪሱ፣ አንዱ ለአፉ መረጠልሽ።
የሠራት ምን ይላል? ነይ፣ እሱን ላሳይሽ።»
ጋቢናውን ገለበጠ። ግማሹ የተላጠ ወረቀት፤
በጥፍሩ ጭቃውን ፋቀለት፦
አስራ አምስት፣ አርባ።
«አስራ አምስቱ ለንጋት ብርድ፣ አርባው ለቀትር ዳገት።
የናፍጣ ይሁን እንጂ፤ የቤንዚኑን እንዳይሰጥሽ፤ ፊልትሮም አብረሽ አምጪለት።»

ስምንት ሊትር ጠጣች፣ ማር የሚመስል።
አስነሳኋት።
ኳ።
ኳ ኳ። ኳ።
ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ
ወጥቶ የጎሚስታውን ልጅ አስነጠሰው።
እጄ መሪው ላይ ቀረ። «ምን አደረግሃት? ደህና አልነበረች?»
ሻረው ክዳኑን እያጠበቀ፦
«አሁን ናት የገዛሻት።
ፋሻዋ አልቋል፤ በመስከረም እንከፍታታለን። እስከዛው
ታስነጥስ፣ ታጉረምርም፤ የታመመ ሲናገር ነው የሚድነው።»

ቢያድጌ ባልዲውን አንስቶ ወደ ቦዩ ሲያመራ፦
«ወዴት! ቦዩ አባይ ነው የሚገባ፤
ጉማሬ ጭቃ እንጂ ግራሶ አይቀባ!
ለአናጢው ስጠው፤ ምሰሶ ይቀባበታል፣
ምስጥ ይሸሸዋል።»
ጠብ ያለችው አንዷ ጠብታ
ኩሬው ላይ ቀለም ዘርግታ፣ ዘርግታ፣
ቀረች።

በማግስቱ ሽንኩርት ልጭን ወረታ ነዳሁ።
የሻጩ ደጅ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።
ጥሩምባ ልነፋለት እጄን አነሳሁ፤
ተውኩት።
ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ
በደጁ አለፍኩ፣ ቀስ ብዬ፣
ኳ ኳ፣ ኳ ኳ፣
ያፈነውን ድምፅ እስኪጠግብ አሰምቼ።