ከመሬት ተነስቶ

የፋብሪካው በር ላይ አንድ ብረት አለ፣
ማንም ሰው አይገባ እሱ «እለፍ» ካላለ።
ጫማዬን ተጫምቼ፣ ተረከዜን አስሬ፣
ጥቁሯን የላስቲክ ጅራት ካልሲዬ ውስጥ ቀብሬ፣
እወጣበታለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፤
ከመሬት ጋር ያለኝን ዝምድና እጠየቃለሁ።

ከኋላዬ ዱዌን ይቆማል። እግሩ ሁሌም ላብ ነው፤
ሚስቱ የምትጸየፈው እዚህ የሚያኮራው ነው፤
በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ቀይ በርቶበት አያውቅም።

እኔ ላይ ቀይ የበራው የካቲት ነው መሰል፤
ሱፎልስ ከዜሮ በታች ሃያ፣ አየሩ የደረቀ ቅጠል።
ሃልቮርሰን መጣች፣ የፈረቃው አለቃ፣
ጠብታ ውሃ ይዛ በፕላስቲክ ዕቃ።
«እግርሽ ደርቋል» አለች፣ «ወዝ የለውም ጫማሽ፤
ካልሲሽን አርጥቢው፣ መሬት እንዲሰማሽ።»
አረጠብኩት። ቆምኩ። አረንጓዴ።

የገባሁ ሰሞን ነው እንዲህ ያስተማረችን፦
«ሰው ሲራመድ ይሞላል። ሳያውቀው ይሞላል።
ሦስት ሺህ ቮልት እስኪደርስ ቆዳው ዝም ይላል።
ቺፑን ግን መቶ ቮልት፣ ከዚያም ያነሰው፣
እናንተ ሳይሰማችሁ ነው ውስጡን የሚያፈርሰው።
ወዲያው ቢሞት ደግ ነው፤ ሌላ እንተካለን።
የቆሰለው ነው ክፉ፤ እሱ ነው የሚያታልለን።
ፈተናውን ያልፋል፣
ይታሸጋል፣ ይላካል፣ ሰው ቤት ገብቶ ያርፋል፤
ከዚያ በስምንት ወሩ፣ እጅ ሳይነካው፣
ከመሬት ተነስቶ ቀጥ።»

(እሷስ ያለችው ሌላ ነው፤ በነሱ አነጋገር
ከሰማይ ነው የሚወርድ ድንገተኛ ነገር።
ከመሬት ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ በሆዴ።)

ያን ሌሊት ቦርዱ ላይ አጎንብሼ፣ ወረንጦ ይዤ፣
በጣቴ ቆጠርኩ፦ ከግንቦት እስከ ጥር። ስምንት።

ልጄ ማራማዊት፣ አምና በግንቦት፣
አሥራ አንድ ሥዕል ዘረጋችልኝ ወጥ ቤት፤
አሥራ አንዱም ፏፏቴው ነው፣ በረዶ ሲሠራው፣
ሰማያዊው ከአንዱ አንዱ ትንሽ እየጠራው።
እኔ ከሌሊት ሥራ፣ ዐይኔ እየተከደነ፣
«ዳቦ ይገዛል ይሄ?» አልኳት። ይኸው ነው የሆነ።
እኔን አልነዘረኝም።
ቃሌም መሬት ጠብ አላለ፤
ጠብ ቢልማ ደግ ነበር፣ መሬት ይውጠው ነበር፤
እሷ ላይ ነው ያረፈው።

ፈገግ አለች። ሰበሰበች። ፈተናዋንም አለፈች፣
ሒሳቡንም፣ መንጃ ፈቃዱንም፤ ለልደቴ ኬክ ጋገረች።
በጥር፣ ከመሬት ተነስታ፣ በሯን ዘጋች።
እርሳሶቿ ቆሻሻ ውስጥ፣ በሳጥናቸው እንዳሉ።
«ምን ነካት?» አለ አባቷ።
«ምንም አልነካት» አልኩ፣
የሠለጠንኩበትን ረስቼ።

ዛሬ ጠዋት ማሰሪያዬን ሳልፈታ ቤት ገባሁ።
ምንጣፍ ላይ ከንቱ ነው፤ ምንጣፍ መሬት አይደለም።
(ስንት ክረምት ትከሻዋን ልነካ ስል «ኧረ እማዬ!» ብላ
ዘላለች፣ ብልጭታው እጄን ቀድሞት።)
ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ ሲሚንቶው ራቁቱን ነው።
ከማድረቂያው ልብስ ታወጣለች፤
ካልሲው ከሹራቡ ሲላቀቅ ይንጣጣል።
ቆምኩ። በሩ ላይ ብረቱን እንደምጠብቀው ጠበቅኩ።
ከዚያ እጄን ማጅራቷ ላይ አሳረፍኩ።
ምንም አልነዘረም።

ዘወር ብላ ተረከዜን አየች፦
«ጅራት አውጥተሻል።»
በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር።

«የግንቦቱ ነገር…» አልኩ።
«የቱ ግንቦት?» አለች፣
የአንሶላውን አንድ ጫፍ ወረወረችልኝ፤
ስንወጥረው መሃሉ ላይ
ሰማያዊ ነገር ተንጣጣ፣ ጠፋ።
ሁለታችንም አየነው።

«ሳብ አድርጊው እንጂ» አለችኝ።