ጎመን በጤና

አጥንት ሲሰበር ምን ይላል ድምፁ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣
እኔ ነኝ የማውቀው፤ ግዳንስክ ወደብ፣ ምድር ቤት የቀጠሩኝ።
ጠዋት ከገበያ ካሮት እገዛለሁ፣ ለጋውን፣ በእስር በእስሩ፤
ማይኩ ፊት አጠመዝዘዋለሁ፣
ቀጭ!
ይኸው፣ ሄደ የአንድ ሰው እግሩ።
ጥቅል ጎመን በቢላ ስወጋው ደረት ነው፤
በመዶሻ ስለው፣ ራስ ቅል።
ውሃ የጠጣ የጫማ ቆዳ ከወለል ላይ ስገነጥል፣
ከቁስል የሚላቀቅ ጨርቅ፣ ቁርጥ እሱን ይመስል።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርሁ፤ ማንንም ሳልነካ ስገድል፣
ኪራይ ስከፍል፣ ለልጄ ለኢግናስ የጥርስ ሽቦ ስል።

ባለፈው ሐሙስ በልጄ ትምህርት ቤት ወላጅ ለስብሰባ ተጠራ፤
ክንድ ሰብሮ ነው፣ አሉ፣ አንድ የስምንተኛ ልጅ፣ ደረጃው ላይ፣ የገዛ ባልንጀራ።
ፋርማሲስቱ ዜሊንስኪ ተነሣ፤ ወረቀቱ በእጁ ይንቀጠቀጣል፤
«ጌሙ ነው!» አለ። «ልጅ የዘሩበትን ያበቅላል፤
ሌት ሙሉ ሲገድል ያደረ እጅ፣ ጠዋት ምን ይጨብጣል?»
የሒሳብ መምህርቷ ደግሞ፣ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣
«ሚሊዮን ልጅ ይጫወታል፤ የታል ሚሊዮን ክንድ?
ጥናቱም እርስ በርሱ ይጣላል። ዛፉን ትተን ጥላውን አንውጋ።»
አንዱ አጨበጨበ። አንዱ ስልኩን ያያል።
አንዲት እናት «እኛ ድሮ...» ብላ ጀምራ ተወችው።
እኔ እጄን ጠረጴዛ ሥር ደበቅሁ፤ ጎመን ጎመን ይሸታል።

ወንድሜ ቲሞን ከጋዝኒ፣ ከዘመቻው የተመለሰ ዓመት፣
ስቱዲዮ ወሰድሁት፤ ሥራዬን ላሳየው፣ ልኮራበት።
ጎመኑን መታሁ። ማዳመጫውን አውልቆ ብዙ ዝም አለና፣
«እንዲህ አይደለም፣» አለኝ፤ «እንዲህ አይጮህም፣ ግራዢና።»
«ታዲያ እንዴት ነው?»
ጃኬቱን አነሣ።
«በር ሲዘጋ ያህል ነው። አጠገብሽ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም።
የሚጮኸው ኋላ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ በማይክ አትይዥውም።»
ለዲሬክተሩ ነገርሁት፤ ሳቀ። «እንዲያ ያለውን ማን ይገዛል?
ይልቅ ጨምሪበት፤ ካሮቱን ሁለት አድርጊው፤ ያኔ ይጥማል።»
ሁለት አደረግሁት።

ሐሙስ ማታ ይህን ልናገር ብድግ አልሁ፤ ድምፅ ማጉያው ደረሰኝ፤
ስሜን ተናገርሁ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ አዳራሹ ሁሉ አየኝ።
ልክ ዜሊንስኪ ነው ልበል? ወይስ የሒሳብ መምህርቷ ናት?
ልጄ ኢግናስ እኔ የሠራሁትን ሲጫወት አምሽቶ ጠዋት
ሸረሪት በብርጭቆ ከድኖ በመስኮት የሚያወጣ፣ ለነፍሷ የሚሳሳላት፤
ያው ኢግናስ፣ አንድ ቀን፣ መኪና ባለብስክሌት ሲገጭ አይቶ፣
መንገድ ዳር እንደ ቆመ፣
«እማ፣ ድምፁ ውሸት ይመስላል» ያለኝ።
ደንግጦ እንዳይመስላችሁ።
ቅር ብሎት።
ይህን በየትኛው ወገን ያስቆሙታል? ከየትኛው ረድፍ ይቆጥሩታል?
«መስኮቱ ቢከፈት፣» አልሁና ተቀመጥሁ። «ሙቀቱ ይከብዳል።»
ከፈቱት።

ቤት ስገባ የሳምንቱ ሬሳ በከረጢት ቆይቶኛል፤
ስምንት የተወጋ ጎመን። አይጣልም፤ ይቀቀላል።
ድስቱን ጣድሁ። ኢግናስ ማንኪያውን ይዞ መጣና ተቀመጠ።
«ያ ልጅ ሲሰበር፣» አልሁት፣ «ደረጃው ላይ ነበርህ?»
«አጠገቡ ነበርሁ።»
«ድምፁን ሰማኸው?»
እንፋሎቱን እፍ አለ። አሰበ።
«የሰማሁ አልመሰለኝም፣ እማ። ትንሽ ነበር። እንደ በር።»
ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ፤
ጨመርሁለት።