የሠሪው ስም

ከባሕር ዳር ወደብ በማለዳ ተሻግሬ፣
ሜትርና ቅጽ ይዤ ዘጌ ገባሁ ዛሬ።
«የጣሪያው ዓይነት» ይላል የፊተኛው መስመር፤
«ቆርቆሮ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀድሞ ሣር ነበር።
በሩ የዋንዛ ነው፣ ሚስማር ያልገባበት፣
ሲከፍቱት የሚያቃስት እንደ አሮጌ ጉልበት።

ቄሰ ገበዝ ይኄይስ ጉልላቱን አሳዩኝ፤
«የሰጎን እንቁላሉ ሰባት ነበር» አሉኝ፤
«አንዷን ጦጣ ጣላት።»
ይህንንም ጻፍኩኝ።

ከመቅደሱ ግድግዳ፣ በምሥራቁ ወገን፣
ከፈረሱ ኮቴ ሥር ሸራው ለቆ አገኘን።
ገለጥ አድርገውት ባትሪ አበሩበት፤
ጭቃና ጭድ ነበር፣ መሐሉ አምስት ጣት፣
ልስኑ ሳይደርቅ የተጫኑበት።

ሠዓሊው ከግርጌ ስሙን በቀይ ጽፏል፤
ያሠራው ባላባት ተደፍቶ ይታያል፤
ይህቺ እጅ ግን ከሸራው ጀርባ
ስንት ክረምት ቆጥራ፣ ስንት ዝናብ ገብታ፣
ግድግዳውን ይዛ፣ ማንንም ሳትጠራ።
«የልጅ ናት? የሴት ናት?» ብላቸው፣ ቄሱ ዝም።

ጀልባው ጡሩንባ ነፋ።
አንድ ረድፍ ቀርቶኛል፦ «የሠሪው ስም።»
«አይታወቅም» ልል ብዬ
እስክሪብቶው እንቢ አለኝ፤
የጠቀለልኩትን ሜትር መልሼ ዘረጋሁ፣
ለካሁ፣ ጻፍኩም፦
«ስንዝር የማትሞላ እጅ።»